አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ሰዓት፦ ሙዚቃን በዲግሪ የመማር ሒሳብ

12ኛ ክፍልን አልፎ «እኔ ሙዚቃ ነው የምማረው» የሚል ልጅ ቤቱ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከዚያስ?» እናት ቀስ ብላ ትጠይቃለች፣ አባት ጮክ ብሎ፣ አጎት ደግሞ ምሳሌ እየጠቀሰ፦ «የእገሌ ልጅ አካውንቲንግ ተምሮ ይኸው ባንክ ገባ።» ልጁ ጥያቄውን እንደ ንቀት ይወስደዋል። ነገር ግን «ከዚያስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ቁጭ ብሎ የሚመልሰው ሰው መጥፋቱ ነው። አንዱ ወገን «ተሰጥኦህን ተከተል» ይላል፤ ሌላው «ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም» ይላል። ሁለቱም ሒሳብ አልሠሩም።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ክራር መቃኘት አልችልም፤ ወጪና ገቢ ግን መደመር እችላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሙዚቃ ዲግሪ በቁጥር እናውራ። መንግሥት በሚከፍልለት ትንሽ ትምህርት ቤት ሙዚቃ መማር ምን ያህል ይወጣበታል? ማን ይከፍላል? ተማሪውስ በመጨረሻ ምን ይዞ ይወጣል?

ሦስት ሰዓት እና ስልሳ ሰዓት

ከራሴ የትምህርት መስክ ልጀምር። የኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለ እንበል። አንድ መምህር በሳምንት ሦስት ሰዓት ያስተምራል። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት 60ዎቹም እኩል ይማራሉ። ተማሪው 80 ቢሆን ወንበር ይጨመራል፤ 120 ቢሆን ማይክሮፎን ይመጣል። የመምህሩ ደመወዝ ያው ነው።

አሁን 60 የሙዚቃ ተማሪዎችን እናስብ። የሙዚቃ ታሪክን በአንድ አዳራሽ ማስተማር ይቻላል። ኖታ ማንበብንም በቡድን መማር ይቻላል። ዋናውን መሣሪያ ግን አይቻልም። ቫዮሊን የሚማር ልጅ መምህሩ ፊት ለብቻው ይቆማል። መምህሩ ክንዱን ያያል፣ ጣቱን ያስተካክላል፣ «እንደገና» ይላል። ለአንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ብንመድብ 60 ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ መምህር በሳምንት 12 ሰዓት ቢያስተምር አምስት መምህራን ማለት ነው። ይህ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ተማሪው ከዋናው መሣሪያ ጎን ፒያኖ ወይም ክራር እንደ ሁለተኛ ቢይዝ ሌላ አምስት።

ገና አልጨረስንም። ሙዚቃ ያለ ልምምድ አይያዝም። ፒያኖ ደግሞ እንደ ዋሽንት በቦርሳ ይዘውት ወደ ዶርም አይሄዱም። 60ዎቹ ተማሪዎች በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ፒያኖ ላይ ይቀመጡ ከተባለ 120 ሰዓት ይሆናል። ሕንፃው በቀን 12 ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ ፒያኖ ያላቸው አሥር የልምምድ ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው የማያሳልፉ፣ ፒያኖዎቹም በየጊዜው የሚቃኙ። ይህ ከሌለ ተማሪው ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ ደግሞ የሚያጣው የልምምድ ጊዜ ነው።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፤ ነገሩ ግን የትም ብትሄዱ ይኸው ነው። የሙዚቃ ዲግሪ ትልቁ ወጪ የመምህሩ ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ለብዙ ሰው አይከፋፈልም። ለዚህ ነው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትንሽ የሚሆነው።

ባውሞል ምን አለ?

ኢኮኖሚስቶች ይህን ካስተዋሉት ቆይተዋል። ዊሊያም ባውሞል እና ዊሊያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መድረክ ጥበባት ኢኮኖሚ መጽሐፍ አሳተሙ። ነጥባቸው ቀላል ነበር። የመኪና ፋብሪካ ማሽን ሲያስገባ በትንሽ ሰው ብዙ መኪና ይሠራል። ለአራት ሰው የተጻፈ የቤትሆቨን ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፤ የሚፈጀውም ጊዜ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ተጫዋቾቹ ፈጥነው በመጫወት «ምርታማነታቸውን» ማሳደግ አይችሉም። ኑሮ ግን ለእነሱም ይወደዳል፣ ደመወዛቸውም መጨመር አለበት። ስለዚህ ሙዚቃ ከሌላው ነገር አንጻር እየተወደደ ይሄዳል። ይህ በኢኮኖሚክስ «የባውሞል የወጪ በሽታ» ይባላል።

የእኛን አገር ምሳሌ ልስጣችሁ። ማሲንቆ ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት። ድምፁ የት ላይ እንደሚወጣ የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ ጣት እና ጆሮ ናቸው የሚያገኙት። መቶ ዓመት በፊት አንድን ልጅ ማሲንቆ ለማስተማር ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? ዛሬም ያን ያህል ይፈጃል። ኮምፒውተር ገዝቶ ማሳጠር አይቻልም።

«ዩቲዩብ አለ አይደል እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። አለ፣ ጥሩም ነው። ስለ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ በስልካችሁ የምታገኙት ትምህርት ብዙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከምታገኙት ይበልጣል። የመቃኛ አፕ ክራራችሁ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ይነግራችኋል። ቪዲዮው ግን እናንተን አይሰማችሁም። ትከሻችሁ ተወጥሮ እንደምትጫወቱ፣ ትንፋሻችሁን የት ላይ እንደምታባክኑ፣ ሪትሙ ሲከብዳችሁ እንደምትሮጡ የሚነግራችሁ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ዲግሪው የሚሸጠው ይህንን ነው። ሌላው በነፃ ይገኛል።

ከፋዩ ማን ነበር?

አንድ ለአንድ መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ጀምሮ በግዕዝ፣ በዕዝል እና በአራራይ ሲወርድ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የድጓ ተማሪ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ያዜማል፣ ይታረማል፣ ይደግማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራ እና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት ካዘጋጁ በኋላ እንኳ ምልክቱ መምህሩን አልተካም። ዛሬም ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚሄድ ተማሪ ዓመታት ይቆያል።

ታዲያ ወጪውን ማን ቻለው? ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነው ቁራሽ ማለት እኮ መንደሩ የሚከፍለው የትምህርት በጀት ነው። አዝማሪ ቤት ሲሆን ደግሞ ቤተሰቡ ነው የሚከፍለው፤ አባት ወይም አጎት ጊዜውን ይሰጣል፣ ልጅ እያጀበ ይማራል። ዘመናዊው ሙዚቃ ሲመጣ ከፋዩ ቤተ መንግሥት ሆነ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶችን አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የሚመራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የነሐስ መሣሪያ፣ ኖታ እና መደበኛ ባንድ በዚህ መንገድ ሥር ያዙ።

በዚያን ዘመን በሙዚቃ ዲግሪ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። ሙላቱ አስታጥቄ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ወደ ዌልስ የሄዱት ኢንጂነሪንግ ሊማሩ ነበር፤ ወደ ሙዚቃ ዞረው ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ በርክሊ ገቡ። በርክሊ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊም ናቸው። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ኋላም በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬታቸውን ይዘዋል።

ያሬድ ትምህርት ቤት ቆይቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ትንሽ ቤት ሆነ። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከፒያኖ፣ ከቫዮሊንና ከሳክስፎን ጋር በአንድ ግቢ የሚሰሙበት ቦታ ነው። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ክራር እየተጫወቱ አድገው በ16 ዓመታቸው እዚያ ገቡ፤ ከዚያ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰው ደግሞ እዚያው አስተማሩ። አንድ ተማሪ መምህር እስኪሆን የሁለት አገር የሕዝብ ገንዘብ ወጥቷል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት ቤት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር የሚያሳየው ግን የበገና ታሪክ ነው። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በያሬድ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ እሳቸውም ለቀቁ። ባለ አሥር አውታሩ መሣሪያ አልጠፋም፤ በየቤቱ ነበረ። የቆመው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ተማሪ ፊት የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው። ኢኮኖሚክስ ክፍል አንድ መምህር ቢለቅ ሌላው ኮርሱን ደርቦ ይይዛል። አንድ መሣሪያ በአንድ መምህር ላይ ሲንጠለጠል ግን መምህሩ ሲሄድ የትምህርት መስኩ አብሮ ይሄዳል።

ዲግሪው ምን ይሰጣል?

ተጠቃሚው ወደ ሆነው ተማሪ እንመለስ። አራት ዓመት ተምሮ ከተራ ጎበዝ ተጫዋች በምን ይለያል?

አንደኛ፣ ያነባል ይጽፋል። ኖታ የሚያነብ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ሥራ ዛሬ ተቀብሎ ነገ መጫወት ይችላል። ለስምንት ሰው የሚሆን ቅንብር ጽፎ ለስምንቱም ማደል ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ጊዜ ነው፤ ስቱዲዮ ደግሞ በሰዓት ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ሁለት የሙዚቃ ቋንቋ ይችላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ክራር ተጫዋቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አውታሩን እንደገና ይቃኛል። ፒያኖ ላይ ግን ድምፆቹ አስቀድመው ተወስነዋል፤ አንዳንዱ የባህል ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀራል። ይህን ልዩነት በጆሮው የሚያውቅና በወረቀት ማስረዳት የሚችል ሰው ብዙ የለም።

ሦስተኛ፣ ከሌሎች ጋር መጫወት ይማራል። ክፍልህ ውስጥ ብቻህን በቢት ላይ መጫወትና አምስት ሰው እያዳመጡ መጫወት ለየቅል ናቸው። አብሮህ የሚማረው የቤዝ ተጫዋች ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራ የሚጠራህ ሰው ነው።

የማይሰጠውንም ልንገራችሁ። ዝና አይሰጥም። ብዙ ታዋቂ ድምፃውያን ዲግሪ የላቸውም፤ አድማጭም ዲግሪ አይጠይቅም። ማስታወቂያ፣ ውል ማንበብ፣ ግብር፣ የቅጂ መብት የመሳሰሉትን ራሳችሁ ካልፈለጋችኋቸው በቀር ከክራር ክፍል ይዛችሁ አትወጡም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምን እንደሚል የማያውቅ የሙዚቃ ተመራቂ ሥራውን አንዴ ሸጦ ለዘላለም ሊያጣው ይችላል።

«ከዚያስ?»

አሁን የአባትየው ጥያቄ። የሙዚቃ ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደመወዝ አይጠብቅም፤ ሦስት አራት ትናንሽ ገቢዎችን ይገጣጥማል። ቋሚ ቅጥር ያለባቸው ቦታዎች አሉ፦ ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅርን የመሳሰሉ ቤቶች፣ የሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች፣ ባህል ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶች። ከቋሚው ውጭ የሆቴልና የክለብ ምሽት፣ ሠርግ፣ የስቱዲዮ ቅንብር፣ የፊልምና የማስታወቂያ ሙዚቃ፣ ቤት ለቤት ማስተማር አለ። አሁን ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላለ የሐበሻ ልጅ በቪዲዮ ክራር ማስተማር ተጨምሯል፤ በሰዓት ልዩነት ምክንያት እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል እንጂ ክፍያው በዶላር ነው።

ትኩረት የሚሻው ግን ትምህርት ቤት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚል የትምህርት ዓይነት አለው። የትምህርት ዓይነት መምህር ይፈልጋል። የተማሪው ቁጥር በሚሊዮን በሚቆጠርበት አገር በየዓመቱ ጥቂት ሰው የሚያስመርቅ የሙዚቃ ክፍል ይህን ፍላጎት አይሸፍንም። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይህን «ያልተሟላ ፍላጎት» እንለዋለን። የማስተማር ሥልጠና ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱን ከወዲሁ ማሰብ ነው።

በሌላ በኩል ዕዳ አለ። መንግሥት የከፈለው ትምህርት ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። በ1990ዎቹ በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ኮስት ሼሪንግ በምንለው፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ደንቡ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይላል። ደመወዝተኛ ከሆንክ ቀጣሪህ ቆርጦ ያስገባል። ዛሬ ሠርግ ነገ ስቱዲዮ ለሚል ሙዚቀኛ ግን የሚቆርጥለት የለም፤ ራሱ ካልከፈለ ሰነዱን በፈለገበት ቀን ዕዳው ይጠብቀዋል።

ጭንቅላት ሲቆጠር

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ትምህርት ቤቱ ከቆየ ነው። ስጋቴም እዚያ ላይ ነው።

የአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ለብዙ ዓመት 70 በመቶውን ተማሪ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ ቆየ። ሙዚቃ በዚያ 30 ውስጥ ከሕግ፣ ከቢዝነስና ከቋንቋ ጋር የሚጋፋ ነበር። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጠበቀ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ። በረሜዲያል የሚገቡት ቢጨመሩም ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ባዶ ወንበር አዩ። ከዚያ ደግሞ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ራስ ገዝ ማለት በራስ መወሰን ነው፤ የራስን ገቢ መፈለግም ነው።

ገቢ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎቹን በተማሪ ብዛት ሲለካ፣ አምስት መምህር ለ60 ተማሪ የሚይዝ ክፍል ወረቀት ላይ ኪሳራ ሆኖ ይታያል። የሚመጣውን ፈተና መገመት አይከብድም፦ «የመሣሪያ ትምህርቱን በስድስት ስድስት ልጅ አድርጉት።» ወጪው ወዲያው ይወርዳል። ዲግሪው ስሙን ይዞ ይቀጥላል፣ ምረቃም ይኖራል፣ ጋዋንም ይለበሳል። ተማሪው ግን ከመምህሩ የሚያገኘው አሥር ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ዩቲዩብ አለ አይደል እንዴ?» የሚለው ሰው እውነቱን ይሆናል።

ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ምሽትና ቅዳሜ ክፍያ የሚከፍሉ ተማሪዎችን መቀበል፣ የልምምድ ክፍሎችን በክረምት ማከራየት፣ የትምህርት ቤት መምህራንን ማሠልጠን፣ ለፊልምና ለማስታወቂያ ቅጂ መሥራት ይቻላል። ገቢው ለመምህሩ ሰዓት ይውላል። መንግሥትም ለሙዚቃ ተማሪ የሚመድበውን ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ከሚመድበው መለየት አለበት። የሕክምና ተማሪ ብዙ እንደሚያስወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ሐኪም ካስፈለገን የአልጋ ዳር ትምህርቱን አናሳጥርም። በገና ደርዳሪ ካስፈለገን ሒሳቡ ያው ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሙዚቃ ለመማር የምታስቡ ከሆነ የችሎታ ፈተናውን ከማለፋችሁ ጎን ለጎን፣ ልትገቡበት ያሰባችሁትን ክፍል ሄዳችሁ አምስት ነገር ጠይቁ።

በሳምንት ስንት ደቂቃ ብቻዬን ከመሣሪያ መምህሬ ጋር እቀመጣለሁ? እኔ የመረጥኩትን መሣሪያ የሚያስተምሩ መምህራን ስንት ናቸው፤ አንዱ ቢለቅ ምን ይሆናል? የልምምድ ክፍል ስንት አለ፣ በስንት ሰዓትስ ይዘጋል? በዓመት ስንት ጊዜ ሰው ፊት እጫወታለሁ? ባለፈው ዓመት የተመረቁት አሁን ምን እየሠሩ ነው?

መልሱን ከኃላፊ ብቻ አትስሙ፤ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና ሻይ ጋብዙት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አንድ ሰዓት፣ ለብቻ» ከሆነ፣ በገበያ ዋጋ ብትገዙት የማትችሉትን ነገር ነው የሚሰጧችሁ። «በቡድን ነው» ከሆነ ግን አራት ዓመታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሌላ የትምህርት መስክ ይዞ በግል መምህር መማርን አብራችሁ አስሉ።

ከዚያ አባታችሁ «ከዚያስ?» ሲሉ ወረቀቱን አውጡና አሳዩዋቸው።